ቱሉ ዲምቱ ያለው «ልጁ ጋ»፦ አራት ኮከብ ከእንቁላል ጋር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከታክሲ መውረጃው ሁለት ብሎክ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ፣ ዶሮ መሸጫው አጠገብ አንድ የቆርቆሮ ኮንቴይነር አለ። በሩ ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ኦንላይን ምዝገባ፣ የሞባይል ካርድ፣ እንቁላል» ይላል። የራሱ ስም አልተጻፈበትም፤ ሰፈሩ «ልጁ ጋ» ነው የሚለው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል የመንግሥት ዕቅድ እንዳለ ሰምቼ የት ደረሰች እያልኩ ስጠይቅ ነበር። እዚህ ናት፤ ከእንቁላሉ በስተግራ።

ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረኝ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። «አባት፣ አሁን እኮ ሁሉም ነገር በኦንላይን ሆኗል፤ እዚህ ድረስ መንገላታት የለብዎትም» አለችኝ። መረቅኳት። ቀጠለችና «ኦንላይን ይሙሉና ፕሪንት አድርገው እዚህ ይዘው ይምጡ፤ ማኅተም እናደርግልዎታለን። ከዚያ ስካን አድርገው መልሰው ይላኩልን» አለች። ምርቃቴን በልቤ መለስኩት። በር ላይ ስደርስ ደግሞ ጠራችኝና «የዲጂታል መታወቂያዎን ፎቶ ኮፒ እንዳይረሱ፤ ፊትና ጀርባው፣ በሁለት ኮፒ» አለችኝ።

ለዚህ ፋይዳ ለሚባለው ዲጂታል መታወቂያ የአሥር ጣቴን አሻራ፣ የሁለት ዓይኔን ብሌንና ፊቴን ሰጥቻለሁ። ከዚህ በላይ የምሰጠው ያለኝ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ባለ አምስት ብር ፎቶ ኮፒ ቀርቶኛል።

እንዲህ ሆኜ ነው «ልጁ ጋ» የደረስኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ስላስተማርኩ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ፤ እሱም እንደዚያው።

«ቲቸር፣ ኢሜይል አለዎት?»

«የለኝም።»

«እናወጣለና!» አለ፤ ጥርስ የሚነቅል ነው የሚመስለው። የይለፍ ቃሉን እሱ መረጠልኝ፤ ስሜና የልደት ዓመቴ። የጎረቤቴም እንደዚያው መሆኑን በኋላ አወቅኩ፤ የብሎካችን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው ያለው። ቀጥሎ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ኮድ መጥቶልዎታል። ለማንም አይንገሩ ይላል አይደል? ይንገሩኝ።»

መነጽሬን ረስቼ ነበር። ከኋላዬ ወረፋ ይዘው የነበሩት ሴትዮ ስልኬን ተቀብለው ስድስቱንም ቁጥር እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ዶሮ ሻጩም ሰምቷል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 መሠረት የግል ሕይወቴ የተከበረ ነው፤ ደብዳቤዬም፣ በስልክ የምለዋወጠውም። በዚያ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ልጁ ይህን አያውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ «ደንበኞች» የሚል ፎልደር አለው፤ ከፍቶ የእኔን ሲፈልግ የሰፈሩ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውልና የአንድ ሰው የኤክስሬይ ፊልም እየተንሸራተተ አለፈ። «ለምን አትሰርዛቸውም?» ስለው «ቲቸር፣ ነገ ተመልሰው ይጠይቁኛል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። መሥሪያ ቤቶቹ የሰጠናቸውን ወረቀት በየዓመቱ እንደገና ይጠይቃሉ፤ ሳይጥል የሚያስቀምጥልን እሱ ብቻ ነው።

ከግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» የሚል አለ፤ ከሥሩ በስክሪብቶ «ኔትወርክም የለም» ተብሎ ተጨምሯል። የኋለኛውን የጻፈው ደንበኛ ነው አሉ። እርግጥ ልጁ ኔትወርክ ሲጠፋ የመኖር ልምድ አለው። ከሰኔ 2012 መጨረሻ ጀምሮ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ፣ በላሚኔሽንና በእንቁላል ነው የተሻገረው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲታገዱ ግን ገበያው ደራ። እስከ ሐምሌ ድረስ ቪፒኤን፣ የታገደውን የሚያስከፍተውን መተግበሪያ፣ ያልጫነለት ሰው የለም። ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ አንዲት እናት በነጠላቸው ስልክ ጠቅልለው መጥተው «ልጄ፣ ያንን ቪፒ የሚባለውን መድኃኒት አድርግልኝ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሃምሳ ብር አስከፈላቸው። ስለ ሐሳብ ነጻነት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ዋጋው ተለጥፎ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

የፖለቲካ አስተያየቴንም በገጼ ላይ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ልጁ ጣቱን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ «ቲቸር፣ ይቅርብዎት» አለ። በአዋጅ 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ ቅጣቱ እንደሚከብድ ነገርኩት። እኔ 83 ተከታይ ነው ያለኝ፤ ግማሾቹ ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞ ባልደረቦቼ ናቸው። አልተጽናናም። የእንቁላል ዋጋ ላይ ብቻ አስተያየት ሰጥተን ተለያየን፤ እሱም ቢሆን ፖለቲካ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። እኔ የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ፤ እዚህ የምኖረው በኪራይ ነው። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ዝርዝሩን የፈለግነው በዚህ ልጅ ኮምፒውተር ነበር፤ ሰው በሩ ላይ ተደራርቦ። ስሜ አልነበረም። በቀናት ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ሲስተሙ ተነካክቷል ብሎ ዕጣውን ሰረዘው። ኅዳር 2015 ላይ እንደገና ወጣ፤ እዚያም አልነበርኩም። በሁለቱም አለመውጣቴ ቢያንስ ሲስተሙ እኔ ላይ አቋሙን እንዳልቀየረ ያሳያል። ልጁ ለሁለቱም ፍለጋ ብር አልተቀበለኝም። አንዱ ኮከብ የዚያ ነው።

ዋጋ፦ ፎቶ ኮፒ አምስት ብር፣ ፎርም መሙላት መቶ፣ ኢሜይል ማውጣት ሃምሳ። ኮድ ጮክ ብሎ ማንበብ ነጻ ነው። መስተንግዶ፦ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለች፤ አንድ እግሯ በሽቦ ታስሯል፣ ለአዛውንት ይለቀቃል። ፍጥነት፦ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ላወዳድረው ብል እሱን መስደብ ይሆንብኛል።

አምስተኛውን ኮከብ የቀነስኩበት ያቺን ጋዜጣ የምታህል ቅጽ ሁለት ጊዜ ስላስሞላኝ ነው፤ መጀመሪያ ጊዜ «አስገባ» የሚለውን ሲጫን መብራት ሄደ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ኮከብ የምቀንስበት ሌላ ሰው አልተገኘም፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ገጽ አስተያየት መስጫው ተዘግቷል።

እሑድ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።