ከፓኬት ይልቅ ከመደብ፤ የክረምት አበባ ስር ገዝቼ ያየሁት

መጀመሪያ የስሙን ጉዳይ እንጨርስ። ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ወይም እንደ ድንች ተኝቶ ከርሞ ዝናብ ሲነካው የሚነሳውን የአበባ ስር ምን እንደምንለው እስካሁን አልተስማማንም። ባህር ዳር የሸጡልኝ እናት «ፍሬ» ይሉታል። የሱቁ ልጅ «ቡልብ» ይላል። እናቴ ደግሞ «ያ ሽንኩርትህ» ትለዋለች፣ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ልትከተው ምንም አልቀራትም ነበር፣ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። እኔ ዝም ብዬ ስር እለዋለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ግቢዬ ትንሽ ናት፤ ከፊት ቀይ አፈር፣ ከጓሮ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ጫማ የሚያወልቅ ዋልካ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ «ዘንድሮ እንቁጣጣሽን በራሴ አበባ ነው የማሳልፈው» ብዬ ተነሳሁና ሁለት ቦታ ገዛሁ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ የአበባና የጓሮ ዕቃ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሌላው ባህር ዳር መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። የሁለቱን ነገር ልንገራችሁ፣ ገንዘባችሁን እንዳታቃጥሉ።

ከሱቁ ልጀምር፣ ምክንያቱም ቶሎ ያልቃል። ፓኬቱ ያምራል። ፊቱ ላይ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነ ነጭ አበባ ተስሏል፣ ከጀርባው መመሪያ አለው፣ ከሆላንድ የመጣ ነው። አሥር ፍሬ 700 ብር። ቤት ገብቼ ስከፍተው አራቱ በጣት ሲነኩ የሚሟሽሹ፣ ሻጋታ የለበሱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ደርቀው እንደ ባዶ ቅል ቀለዋል። የተረፉኝ አራት ነበሩ፣ ከነሱም ሦስቱ በቀሉ። ደውዬ ስናገር ልጁ «ዕቃ ከወጣ አይመለስም» አለኝ፣ ቆጣም አላለም፣ እንደ ሰላምታ ነው ያላት። ፓኬት ስትገዙ እዚያው ቆማችሁ አስከፍቱ። ሻጩ አልከፍትም ካላችሁ ትታችሁ ውጡ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን የአበባውን ስም ቁጭ ብዬ ሳጣራ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ የሚጠራው ሆኖ አገኘሁት። የኛው ነው! ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በዱር የሚበቅል አበባ ነው፣ ሆላንዶች በሄክታር እያራቡ ለዓለም ይሸጡታል፣ እኔ ደግሞ የአገሬን አበባ በ700 ብር፣ ግማሹን በስብሶ፣ ከአውሮፓ አስመጥቼ ማርቆስ ተከልኩ። ወይ ጉድ። ይሁንና አበባውን ልወቅሰው አልችልም፤ የበቀሉት ሦስቱ መስከረም ላይ ሲፈኩ ማታ ማታ ሽታቸው በር ላይ ይቀበለኝ ነበር። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሌላው ግላዲዮለስ አብዛኛው ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ ይሄኛው ግን አለው።

እዚያው ሱቅ አምስት ፍሬ ቱሊፕም በ600 ብር ገዝቼ ነበር፣ ይሄኛው ጥፋት የኔም ነው። ቱሊፕ ለማበብ ሦስት ወር ገደማ እንደ ፍሪጅ ያለ ብርድ ውስጥ መቆየት አለበት። ማርቆስ ይበርዳል እንላለን እንጂ እንደሱ አይበርድም። ቅጠል አወጣልኝ፣ ቆንጆ ቅጠል፣ በቃ። ሻጩ ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ባህር ዳር። ለሥራ ሄጄ ጠዋት በእግሬ ስሄድ መንገድ ዳር ችግኝ በፌስታል ደርድረው የሚሸጡ እናት አየሁ። ከችግኙ ጎን ጆንያ አንጥፈው ቡናማ ልጣጭ ያላቸውን ጠፍጠፍ ያሉ ድቡልቡል ነገሮች ልክ እንደ ሽንኩርት በመደብ በመደብ አድርገው አስቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ግላዲዮለስ ነው ወንድማለም። ፍሬው 25 ብር፣ ካበዛህ እቀንስልሃለሁ።»

ዝም ብዬ ትልልቁን መምረጥ ጀመርኩ። እሳቸው እጄን ያዝ አደረጉና «ስፋቱን አትይ፣ ጠፍጣፋው ያረጀ ነው። ጉልላት ያለውን ያዝ» አሉኝ። በኋላ ሳጣራ ልክ ናቸው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ስር ብዙ ጊዜ ያበበ አሮጌ ነው፣ ወደ ላይ ቆም ያለው ወጣቱ የተሻለ ያብባል። ይሄን ፓኬቱ አልነገረኝም። እያንዳንዱን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ሁሉም ጠንካራ ነበሩ፣ ምክንያቱም በመርከብም በካርጎም አልመጡም፣ እሳቸው ራሳቸው ኅዳር ላይ ከመሬት አውጥተው፣ አድርቀው፣ በጆንያ ቤት ሰቅለው ነው ያቆዩአቸው። ሃያ ፍሬ በ450 ብር ወሰድኩ።

ሦስት ዳሊያም ገዛሁ፣ አንዱን 60 ብር። ዳሊያ የሜክሲኮ አበባ ነው፣ ስሩ የስኳር ድንች ዘለላ ይመስላል። እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው ይታለላል። ድንች ዓይኑ በሁሉም ቦታ ነው፣ የዳሊያ ዓይን ግን ያለው አንገቱ ላይ ብቻ፣ ስሩ ከድሮው ግንድ ጋር የሚገናኝበት ላይ ነው። አንገቱ የተቆረጠ ፍሬ የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም፣ ተቀብሮ ይቀራል። እትዬ ከነአንገቱ ነው የሸጡልኝ፤ «ይቺን ሰብረህ ብታመጣ አልመልስልህም» ብለው አንገቱን በጣታቸው አሳይተውኛል። ዋስትና ማለት ይሄ ነው።

ተከላው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የፓኬት መመሪያ የሚጻፈው ለፈረንጅ አገር ነው። «የበጋ አበባ» ይላችኋል። የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው! እነሱ ሐምሌና ነሐሴን ፀሐይ ሲሞቁ እኛ ጃንጥላ ይዘን ነው። መመሪያው የሚያስፈራራችሁ በውርጭ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ውርጭ ሲያልፍ ትከሉ፣ ውርጭ ሳይመለስ አውጡ ይላል። ጎጃም ላይ ጠላቱ ውርጭ አይደለም፣ ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ስሩ የሚሞተው በጥም ሳይሆን ውሃ ውስጥ ተኝቶ በስብሶ ነው።

ይሄን የተማርኩት በስንፍና ነው። ፊት ለፊት ያለው ቀይ አፈር ላይ አፈሩን ወደ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ መደብ ሠራሁና ከእትዬ ግላዲዮለስ አሥራ አራቱን ተከልኩ። ስድስቱ ሲተርፉኝ ደከመኝና ጓሮ ዋልካው ውስጥ ቀበርኳቸው። የቀዩ አፈር አሥራ አራቱም በቀሉ። የዋልካው ግን ሐምሌ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ጎትቼ ሳያቸው አራቱ ለጥ ያለ ጭቃ ሆነዋል። ያላችሁ ዋልካ ብቻ ከሆነ መደቡን በደንብ ከፍ አድርጉ፣ ቦይ አውጡለት፣ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። የበሰበሰ ነው ያልኩት፤ ትኩስ ፍግ ስሩን ያቃጥለዋል፣ ያበሰብሰዋልም።

ጥልቀቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ርቀቱም እንደዚያው። ጫፍ ያለውን ወደ ላይ፣ የድሮ ስር ጠባሳ ያለውን ወደ ታች። ጥልቀቱን ያጎደለ ሰው በኋላ ይቆጨዋል፣ ምክንያቱም ግላዲዮለስ ቁመቱ ይረዝማል፣ አበባው ደግሞ ባንድ ጎን ስለሚደረደር ይከብደዋል፣ ነሐሴ ላይ ንፋስ ሲመጣ ጥልቀት የሌለው ተነቅሎ ይጋደማል። እኔ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አቁሜ በክር አሰርኩት። ቦታ ስትመርጡ ግቢያችሁ ውስጥ ፀሐይ አብዝቶ የሚያገኘውን ያዙ፤ በክረምት ደመናው ራሱ ጥላ ነው፣ በላዩ የዛፍ ጥላ አትጨምሩበት። ውሃ ታጠጣለህ ወይ ለሚለኝ፣ እትዬን ጠይቄ «ሰማዩ ያጠጣልሃል፣ አንተ ዝም በል» ነው ያሉኝ። በተለይ ዳሊያን ሳይበቅል ማጠጣት መግደል ነው።

ጊዜውን ከበዓል ወደ ኋላ ቁጠሩ። ግላዲዮለስ ከተተከለ እንደ አየሩ ከ70 እስከ 100 ቀን ውስጥ ያብባል፣ ማርቆስ ቀዝቀዝ ስለሚል ወደ መቶው ይጠጋል። ሰባቱን ግንቦት 20 ተከልኩ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አበቡ። የቀሩትን ሰኔ 5 ተከልኩ፣ የእንቁጣጣሽ ለታ ሁለቱ የታችኛውን አበባ ከፍተው ነበር፣ አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ለመስቀል የሚፈልግ ሰኔ 20 አካባቢ ይትከል። ሁሉንም ባንድ ቀን ከቀበራችሁ ሁሉም ባንድ ሳምንት አብቦ ያልቃል፣ ከዚያ ባዶ እንጨት ታያላችሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከፋፍሉት። ቆርጣችሁ ቤት ማስገባት ካማራችሁ የታችኞቹ ሁለት ሦስቱ ቀለም ሲያሳዩ ቁረጡ፣ የቀረው ማሰሮ ውስጥ ሆኖ ይከፈታል። ቢያንስ አራት ቅጠል ግን ተክሉ ላይ ተዉለት፣ የሚመጣውን ዓመት ስር የሚቀልበው እሱ ነውና።

ዳሊያዎቹ? ሁለቱ እስከ ጥቅምት አብበው ጎረቤት ሁሉ ስር ለምኖኛል። ሦስተኛውን ፍልፈል በላው። ጠዋት ስወጣ አንዲት ትንሽ የአፈር ቁልል አየሁ፣ ተክሉን ነካ ሳደርገው ከነግንዱ እጄ ላይ ቀረ፣ ከታች ምንም የለም፣ ጥርግ። ፍልፈል ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ስሩን በዶሮ ቤት ሽቦ ጠቅልላችሁ ቅበሩ። ዶሮም ራሷ ቀላል አይደለችም፣ ገና የተቆፈረ አፈር ካየች ትጭራለች።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ስሩን በመኮትኮቻ አወጣሁ። ከተረፉት አሥራ ስድስት ግላዲዮለሶች አሥራ ዘጠኝ ስር አገኘሁ፤ አዲሱ ስር የሚሠራው በአሮጌው ራስ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ይሠራል፣ አሮጌው ከታች ጨርቅ መስሎ ይቀራል፣ እሱን ገንጥላችሁ ጣሉት። ዙሪያውን ምስር የሚያህሉ ጥቃቅን ልጆችም አሉ፣ እነሱ እስኪያብቡ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃሉ፣ ትዕግሥት ያለው ይትከላቸው። አድርቄ በጆንያ አድርጌ ማድ ቤት አስቀመጥኩት። ስህተት! እናቴ ለወጥ ሽንኩርት ስትፈልግ ሁለቱን ልጣ ጨርሳ ነበር የደረስኩት። «ሽንኩርትህ አያስለቅስም» አለችኝ። ሳቅን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አይደለም፤ ከአበባ ስሮች መካከል መርዛማ የሆኑ አሉ። በገጠር የጅብ ሽንኩርት የሚባሉትን እናቶቻችን እንዳትነኩ ሲሉን በከንቱ አልነበረም። ከማድ ቤት አርቃችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ ስቀሉት።

ለእትዬ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት በቀለም ነው። «ሁሉም ቀይ ነው» ብለውኝ ግማሹ ሮዝ፣ ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ብርቱካናማ ወጣ። ጥር ላይ ስመለስ ነገርኳቸው። «ተቀላቅሎብኝ ይሆናል፣ ግን አላማረም?» አሉኝ። አምሯል፣ ምን ልበል። ለሱቁ አንድ ኮከብ፣ እሷም ለዚያ ለሚሸተው አበባ ናት።

ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ግንቦት ሳይጋመስ ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ መደቡ ላይ የሚቀረው ጠፍጣፋው ብቻ ነው። ጠዋት ይሻላል። መያዣም ያዙ፣ እኔ በሚኒባስ እስከ ማርቆስ በጃኬት ኪሴ ነው ያመጣሁት።