አሥራ አራት ኪሎ ካታሎግ ይዤ በርሊን

ስህተቴ የገባኝ ገና በሩ ላይ ነው። ከፊቴም ከኋላዬም የተሰለፈው ሰው አንገቱ ላይ ባጅ፣ መዳፉ ላይ ስልክ፣ ሌላ ምንም አልያዘም። እኔ ብቻ አዲስ አበባ ያሳተምኩትን ካታሎግ በሻንጣ እጎትታለሁ። አሥራ አራት ኪሎ ይመዝናል። ሽፋኑ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ጀርባው ላይ የፋሲል ግንብ። ከማተሚያ ቤቱ ስረከበው እንዴት ኮርቼበት ነበር!

የሄድኩት አይ ቲ ቢ በርሊን ወደሚባለው የጉዞ ንግድ ትርዒት ነው፤ ከየካቲት 26 እስከ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.። ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ ኮስተር ያላት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት አለችኝ። ከዚያ በፊት ጎንደር ውስጥ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጀርመን ጎብኚን ጠባይ የተማርኩት እዚያ ነው። «ወጪው ያዋጣል ወይ?» ብለው ለሚጠይቁኝ የሙያ ጓደኞቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትርዒቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀመር የተሳተፉት ከአምስት አገሮች የመጡ ዘጠኝ ድርጅቶች ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አገሮች ሁለቱ ግብፅና ጊኒ መሆናቸውን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ በሄድኩበት ዓመት ከ170 አገሮች ወደ 5,500 የሚሆኑ ተሳታፊዎች ነበሩ። ይህን ቁጥር በወረቀት ማንበብ ሌላ፣ በእግር መዞር ሌላ ነው። አዳራሽ ከአዳራሽ በመተላለፊያ ተያይዞ ማለቂያ የለውም፤ መቀመጫ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ወዮለት።

ያረፍኩት ዌዲንግ በሚባለው ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። በትርዒቱ ሰሞን የሆቴሉ ዋጋ ስለማይቀመስ ዘመድ ያለው ዘመዱን ይጠጋ። እሷ ትርዒቱን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች። ድሮ ቅዳሜና እሁድ ለከተማው ሕዝብ ክፍት ስለነበር ልጆቿን ይዛ እየሄደች እስክሪብቶና ከረሜላ ትሰበስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ተሰረዘ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ፤ በ2023 ሲመለስ ለንግዱ ሰው ብቻ ሆነ። «እኛን አባርረው ቁም ነገረኛ ሆኑ» ትላለች። ለእኔ ግን ይህ ነው የጠቀመኝ፤ ጠረጴዛ ፊት የሚቆመው ሰው ሁሉ የሚገዛ ወይም የሚሸጥ ነው።

ነገር ግን ቀጠሮ ያልያዘ ሰው ከተመልካች አይለይም። እኔ በጥር አርባ ደብዳቤ ልኬ አሥራ አንድ ቀጠሮ አገኘሁ፤ ስምንቱ ሰዎች ተገኙ። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አዳራሹ ርቆባችሁ አሥር ደቂቃ ከዘገያችሁ የቀረው ሃያ ነው፤ ማንም አያራዝምላችሁም። የመጀመሪያውን ቀጠሮዬን በዚህ መንገድ አጠፋሁት።

ትርዒቱ በየዓመቱ አንድ አገር «አስተናጋጅ» ብሎ ያስቀድማል፤ የዚያ ዓመቷ ኦማን ነበረች። ከሩቅ የሚጠራኝ ዕጣኑ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዕጣን ሽታ ያደግኩ ሰው፣ እንግዳ አገር አዳራሽ ውስጥ ሲሸተኝ ልቤ ራደ። እነሱ ዕጣናቸውን ከዛፉ ጀምረው እስከ ነጋዴው መርከብ ድረስ ተረት አድርገው ይሸጡታል። የእኛስ ዕጣን? ካታሎጌን ብገልጥ አንድ ቃል የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የእግር ጉዞ የምትሸጥ አንዲት ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት አገኘሁ፤ ትንሽ ድርጅት አላት፣ እንደኔው። የካታሎጉን ሽፋን ረጋ ብላ አየችው። «ላሊበላን አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ዘንድሮ ግን ልሸጠው አልችልም» አለችኝ። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 መጨረሻ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጥር ላይ ለአራት ወራት ተራዝሞ ነበር። መንግሥቷ የጉዞ ማስጠንቀቂያ ባወጣበት ቦታ መድኑ አይሸፍንም፤ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ኪሳራው የእሷ ነው። ክርክር የሚያነሳ ነገር አልነበረውም። ቀጥላ «ባሌስ?» አለችኝ።

ባሌ! ዩኔስኮ የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር የመዘገበው ገና በመስከረም 2016 ነበር። እሷ ይህን ታውቃለች። እኔ ካታሎጌ ውስጥ ለባሌ የሰጠሁት ገጽ 22 ላይ ግማሽ ገጽ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ውሻ ይሁን ፍየል አይለይም። ሳኔቲ የሚባለውን የፓርኩን አምባ በቃሌ ተረኩላት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ቅዝቃዜ፣ ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን በጠዋት እንዴት እንደሚታይ። ጻፈችው። አሥራ አራት ኪሎዬን ግን አልወሰደችም፤ «ፒዲኤፍ ላኪልኝ» አለች።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ የአክስቴ ልጅ ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ መተላለፊያው ላይ መሬት ተቀምጬ በላሁ። አጠገቤ የነበረው የፔሩ ሰው ሽታው ስቦት ሲያየኝ አጎረስኩት። በሦስቱ ቀን ያለ ቀጠሮ የተሳካልኝ ግንኙነት እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስለ ዘርፉ ተስፋ የሚወራበት ስብሰባ ገባሁ። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ግምት ተነገረ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ድንበር ተሻግሮ የተጓዘው ሰው ወደ 1.3 ቢሊዮን ደርሷል፤ ይህም የ2019ን 88 በመቶ ነው፤ በ2024 ከ2019 ይበልጣል። አፍሪካ 96 በመቶ ላይ ናት። እኔ በልቤ የራሴን አሰላሁ፤ አርባ በመቶም አልሞላም። ቀጥሎ ስለ ሰው መብዛት ወሬ ተነሳ። ቬኒስ ከሚያዝያ 17 ጀምሮ ለቀን ጎብኚ አምስት ዩሮ ልታስከፍል ነበር። ሰው በዛብን ብለው ሲያማርሩ ስሰማ ላሊበላ ያሉት አስጎብኚ ወንድሞቼ ትዝ አሉኝ፤ ሦስት ሳምንት አንድ እንግዳ አላየንም ብለውኝ ነበር። ወጣሁ።

ሐሙስ የባቡር ነጂዎች አድማ መቱ። ጠዋት ጠዋት የምሳፈርበት ክብ መስመር ላይ ሰው ብቻ እንጂ ባቡር የለም። በምድር ውስጥ ባቡር ዞሬ ስደርስ አንድ ቀጠሮ አምልጦኛል። ደግሞም የመጨረሻው ቀን ከቀትር በኋላ ብዙዎቹ ዕቃቸውን መሸከፍ ስለሚጀምሩ ቁም ነገር ያለውን ቀጠሮ ማክሰኞና ረቡዕ ያዙ። የአውቶቡስ መናኸሪያው ከትርዒቱ አጠገብ መሆኑ ጠቀመኝ፤ ማታውኑ ወደ ፍራንክፈርት ተሳፈርኩ። ዘጠኝ ኪሎ ካታሎግ ተመልሶ አብሮኝ ሄደ። ቀሪው የአክስቴ ልጅ ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ወጪው ያዋጣል ወይ? ቀጠሮ ከያዛችሁና ዘመድ ካላችሁ፣ አዎ። ዝም ብሎ ለማየት ከሆነ ገንዘባችሁን መኪና ማስጠገኛ አድርጉት። እኔ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁት ሮቤ ያለ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ፈልጌ ሳኔቲ መላክ ነበር።

በሰኔ ከዚያች ሴት ደብዳቤ መጣ። ስምንት ሰው፣ በኅዳር፣ አሥር ቀን፣ ባሌ። ከታች በአንድ መስመር «ላሊበላን መጨመር ይቻል ይሆን?» ይላል። የመኪናውን፣ የድንኳኑን፣ የበቅሎውን ዋጋ በዚያው ቀን መለስኩላት። ስለ ላሊበላው ግን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።