ኤንቢኤ 2ኬ25፦ አዲስ አበባ ላይ የትኛው ሞድ ያዋጣል?

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ጌም ቤቶች ወረፋው ሁሉ የፊፋ ነው። ቅርጫት ኳስ የሚጠይቅ ሲመጣ ሲዲው ከመሳቢያ ይወጣል፣ ሁለት ጌም ይጫወቱበትና «ይከብዳል» ተብሎ ይመለሳል። ጨዋታው አይከብድም። ሰው የሚሸሸው ሹት የሚለቀቅበትን ቅጽበት ሳይለምድ ስለሚቀርና ለእኛ ከተማ ኢንተርኔት የማይሆን ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) ውስጥ ቀድሞ ስለሚገባ ነው።

ኤንቢኤ 2ኬ25፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቪዲዮ ጌም፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ነው። ሠሪው ቪዥዋል ኮንሰፕትስ ሲሆን፣ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ነው። ከዚያ ወዲህ 2ኬ26 ወጥቷል። ያለ ኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው ግን የሚያስፈልገው ሁሉ 25ቱ ላይ አለ፤ የአዲሱን ዋጋ መክፈል ግድ አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት የሲዲውን ሳጥን በደንብ አንብቡ። የፒኤስ 4ቱና የፒኤስ 5ቱ (የፕሌይስቴሽን 4 እና 5) ስማቸውም ሥዕላቸውም አንድ ነው፤ ውስጣቸው ግን ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው። ከታች በሰፊው የምናወራለት የዘመናት ሞድ ፒኤስ 4 ላይ የለም። ከእውነተኛ የኤንቢኤ ቪዲዮ የተወሰደው የተጫዋቾች እንቅስቃሴ፣ ፕሮፕሌይ የሚሉትም እንደዚሁ። የፒኤስ 4 ሲዲ ፒኤስ 5 ውስጥ ቢገባም የሚነሳው የፒኤስ 4ቱ ጨዋታ ነው። ማሽናችሁ ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሲዲ መግዛት ዋጋ የለውም። ሌላው ቦታ ነው፦ ጨዋታው ከ100 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ሲዲው ኦሪጅናል ቢሆንም አፕዴት ይጠይቃል፣ አፕዴቱም ትልቅ ነው። በሞባይል ዳታ ከጀመራችሁት ጥቅሉ መሃል ላይ ያልቃል። የቤት ዋይፋይ ላይ ሌሊት ማሳደር ይሻላል።

ፊፋ የለመደ እጅ መጀመሪያ የሚሳሳተው አዝራሩ ላይ ነው። እዚያ ሰርክል ጎል መምቻ ነው፤ እዚህ መሬት አንጥሮ ማቀበያ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ሪንጉ ሥር ደርሶ፣ ባዶ ሆኖ፣ ሰርክል ይጫንና ኳሱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሹት ካሬ ነው። ኤክስ ፓስ፣ ትሪያንግል ከፍ ያለ ፓስ ነው። ስትከላከሉ አር 2 መሮጫ፣ ኤል 2 ሰውየውን ፊት ለፊት ቆሞ መያዣ ነው፤ እነዚህ ከፊፋ ብዙም አይርቁም። ኤክስ ደግሞ ተጫዋች መቀየሪያ ነው። መከላከል ላይ ካሬን መደጋገም ግን ትልቁ ጥፋት ነው። ኳስ መቀማት ይመስላል፤ የሚያመጣው ፋውል ነው። ፋውል ባይሆን እንኳ ተጫዋቹ እጁን ሲዘረጋ እግሩ ይቆማል፣ ባለኳሱም በጎን ያልፈዋል።

አሁን ሹቱ። ካሬውን ስትጫኑ ተጫዋቹ መዝለል ይጀምራል፤ ጣታችሁን የምታነሱት ኳሱ ከእጁ ሊወጣ ሲል ነው። ልክ ስትሆኑ ስክሪኑ ላይ ያለው የሹት መለኪያ አረንጓዴ ያበራል፣ ኳሱ ገባ ማለት ነው። የሚያስቸግረው የሁሉም ተጫዋች አለቃቀቅ አንድ አለመሆኑ ነው። በሦስት ነጥብ ሹቱ የሚታወቀው ስቴፍ ከሪ ፈጣን ነው፤ ገና ሲነሳ መልቀቅ አለባችሁ። ረጃጅሞቹ ሴንተሮች ደግሞ ይዘገያሉ። ተከላካይ ፊቱ ላይ ካለ አረንጓዴው የሚገኝባት ጊዜ ትጠባለች፤ ስለዚህ «ልክ ለቅቄ ሳተ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ፊት ላይ ስለተሞከረ ሹት ነው። 2ኬ25 ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የአደጋ መጠን ምርጫ ጨምሯል። ከፍተኛውን ከመረጣችሁ አረንጓዴው ይሰፋላችኋል፣ ከእሱ ውጭ የለቀቃችሁት ግን አይገባም። ለጀማሪ ዝቅተኛው ይሻላል፤ ትንሽ ብትስቱም ሊገባ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሁልጊዜ «ዘገየ» የሚላችሁ ከሆነ ችግሩ ጣታችሁ ላይ ሳይሆን ቲቪው ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ስማርት ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ትንሽ ያቆየዋል። ፊፋ ላይ አይታወቅም፤ ቅርጫት ኳስ ላይ ግን አረንጓዴውን የምታሳጣው ያቺው ናት። ቲቪው ሴቲንግ ገብታችሁ ጌም ሞድን አብሩ። ከዚያ ልምምድ ውስጥ አንድ ተጫዋች ብቻ መርጣችሁ ከአንድ ቦታ 20 ሹት ሞክሩ። ተጫዋችም ቦታም እየቀያየሩ መለማመድ እጅን ግራ ያጋባል።

ወደ ሞዶቹ እንግባ። ጓደኛ ሲሰበሰብ የሚከፈተው ፕሌይ ናው ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ጌም ቤቶች የሚሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። ከአራቱ ኳርተሮች እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ሲሆን 20 ደቂቃ ብቻ ይመስላል፤ ሰዓቱ ግን በፋውል፣ በታይም አውትና ኳስ ከሜዳ ሲወጣ ይቆማል፣ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በጌም ለሚያስከፍል ቤት ይሄ ኪሳራ ነው። ኳርተሩን 3 ደቂቃ ማድረግ ወይም ብላክቶፕ መክፈት ነው መፍትሔው። ብላክቶፕ የሰፈር ሜዳ ነው፦ ከአንድ ለአንድ እስከ አምስት ለአምስት ተጫውታችሁ የተወሰነ ነጥብ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሁለት ለሁለት በአራት ጆይስቲክ የሚሰጠውን ደስታ ሌላ የስፖርት ጌም ላይ ለማግኘት ይከብዳል።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ሀብት ግን ማይኤንቢኤ፣ ቡድን ይዛችሁ ለብዙ ሲዝን የምትመሩበት ሞድ፣ ውስጥ ያሉት ዘመናት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1983፣ ከ1991፣ ከ2002፣ ከ2010፣ ከ2016 ወይም ከዛሬው ሊግ መጀመር ትችላላችሁ፤ የ2016ቱ የስቴፍ ከሪ ዘመን በ2ኬ25 የተጨመረ ነው። 1983ን ስትከፍቱ ስክሪኑ ራሱ ይለወጣል። ምስሉ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስላል፣ ቁምጣው አጭር ነው፣ ሊጉ ውስጥ ያሉት 23 ቡድኖች ብቻ ናቸው። ሦስት ነጥብ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አታገኙም፤ ኳሱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ትልልቆቹ ነው የሚሄደው። በዛሬው አጨዋወት ከርቀት እየወረወራችሁ ለማሸነፍ ብትሞክሩ ቡድናችሁ ውስጥ የሚያስገባ ሰው የለም።

ከዚያ የመጀመሪያው ሲዝን አልቆ የ1984 ድራፍት፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት፣ ይመጣል። በእውነተኛው ታሪክ ሂዩስተን ኦላጁዋንን፣ ፖርትላንድ ሳም ቦዊን ወሰዱ፤ ሦስተኛው ማይክል ጆርዳን ለቺካጎ ደረሰ። በእናንተ ሊግ ግን ተራው የሚወጣው እናንተ በተጫወታችሁት ሲዝን ውጤት ነው። ስለዚህ ሦስት ጓደኛሞች ሦስት ቡድን ይዘው ከተቀመጡ ክርክሩ የሚጀምረው ከድራፍቱ ወራት በፊት ነው፤ ማን ለማን ምን ሰጥቶ ጆርዳንን ይወስዳል? ማይኤንቢኤ ከአንድ በላይ ቡድን በሰው እጅ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ አንድ ማሽን ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት። የኤንቢኤ ጨዋታ ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ስለሚውል፣ ሊጉን ከዜና ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ሞድ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው።

ስትጀምሩ ሁለት ነገር አስተካክሉ። በአንድ ሲዝን 82 ጨዋታ ረጅም ነው፤ ወደ 29 ዝቅ አድርጉት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። እናንተ በ5 ደቂቃ ኳርተር ስትጫወቱ ማሽኑ የሌሎቹን ጨዋታ በ12 ደቂቃ ነው የሚያሰላው። ከዚያ የእናንተ ኮከብ በአማካይ 11 ነጥብ ይዞ የሌላው ቡድን ተራ ተጫዋች 20 ይይዛል፣ ሽልማቱንም እሱ ይወስደዋል። ሴቲንግ ውስጥ ማሽኑ የሚያሰላበትን የኳርተር ርዝመት ከራሳችሁ ጋር እኩል ስታደርጉት ይስተካከላል።

ማይካሪየር የራሳችሁን ተጫዋች የምትሠሩበት ነው፤ ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ርዝመት መርጣችሁ ከ60 የችሎታ ደረጃ ትጀምራላችሁ፣ ጣሪያው 99 ነው። ረጅም ካደረጋችሁት ሪባውንዱ (የሳተ ኳስ መያዙ) ያድጋል፣ ፍጥነቱና ድሪብሉ ይቀንሳል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ፒኤስ 5 ላይ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ መሃል ላይ መስመሩ ከተቋረጠ የተጫወታችሁት ጨዋታ ይጠፋል። ተጫዋቹ የሚያድገው ቪሲ በሚባለው የጨዋታው ገንዘብ ሲሆን ወደ 85 ለማድረስ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ያስፈልጋል። 75,000 ቪሲ 20 ዶላር ገደማ ነው። ከፕሌይስቴሽን መደብር አገር ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች እዚህ ያለ አካውንት ሁሉ የሌላ አገር ነው፤ የመደብሩን የገንዘብ ካርድ ስትገዙ የአካውንታችሁን አገር ካርድ ካልያዛችሁ ኮዱ አይቀበልም። የ2ኬ25 ቪሲ ወደ 2ኬ26 አይሻገርም። በዚያ ላይ ሰርቨሩ ዕድሜ አለው፦ የ2ኬ23 ሰርቨር እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። በዶላር አሳድጋችሁት የሚዘጋ ተጫዋች ማለት ነው።

ማይቲም የካርድ ስብስብ ነው። ኢንተርኔትም ገንዘብም ይፈልጋል፤ ለዚህ ከተማ አንመክረውም።

ኦንላይን ከሰው ጋር መጫወት የሚፈልግ ሰውም ሹቱን እንደገና መልመድ አለበት። የሰርቨሩ ርቀት ስለሚያዘገየው ቤት ውስጥ የለመዳችሁት ቅጽበት እዚያ አይሠራም፤ ከወትሮው ቀደም ብሎ መልቀቅ ነው።

አሮጌ ጆይስቲክ ካላችሁ ደግሞ ጨዋታውን ከመውቀሳችሁ በፊት ፈትኑት። ልምምድ ክፈቱ፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ተጫዋቹን እዩት። ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጎን ከተራመደ አናሎጉ ተበልቷል። መብራት ላይ ደግሞ አውቶ ሴቭን ብቻ አትመኑ፤ ሴቭ እያደረገ እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽና የሦስት ሲዝን ሊግ ሊሄድ ይችላል። ማይኤንቢኤን በሁለት ስም እያፈራረቃችሁ ሴቭ አድርጉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላኛው ከአንድ ጨዋታ በፊት ያለውን ይዞ ይጠብቃችኋል።