ለ22 እጀታ 9 ቀን (የካ አባዶ)

አዲስ አበባ፣ እማዬ ጋ ለሦስት ሳምንት ነው የመጣሁት። ከምኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ስነሳ፣ ለእማዬ ከያዝኩት ቫይታሚንና ጫማ መሃል 22 የኪችን ካቢኔት እጀታ ጠቅልዬ ከትቼ ነበር። የድሮዎቹ ቀለማቸው ተላልጦ፣ ሁለቱ ጭራሽ ወልቀው፣ የበርበሬውን መሳቢያ የምትስበው በነጠላ ጥለት ቁራጭ አስራ ነው። አምና በቪዲዮ ስታሳየኝ "ይሄማ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው" ብያት ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። የገዛሁት የሦስት ኢንች ነው፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ 76 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። የእማዬ ካቢኔት ቀዳዳ ኋላ ላይ 96 ሆኖ ተገኘ። እዚህ ገበያ በብዛት ያለው የቻይናውም የቱርኩም 96 ወይም 128 ነው። ብሎኑ እንኳ ሌላ ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ጥርሱ ግን አይያያዝም። እባካችሁ ከውጭ እጀታ አትሸከሙ።

የግቢው ጥበቃ ስልኩን የሰጠኝ አናጢ መጥቶ አየ፣ ለክቶ፣ የእጁን 3,000 ብር ተስማማን። "ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚህ ነኝ እህቴ።" ሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ማክሰኞ "መንገድ ላይ ነኝ፣ ጣፎ ደርሻለሁ" አለኝ። ከጣፎ አባዶ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ እንጃ፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አለ። ድሪሉን ሲሰካ ደግሞ መብራት ሄደ። በዚህስ አልፈርድበትም።

ቅዳሜ ተመልሶ ሲመጣ እኔ ለቅሶ ለመድረስ ወጥቼ ነበር። ስመለስ አምስት በር በስቶ ጨርሷል። ለምን ተበሳ? ለካ ያን ዕለት የለካው የድሮውን እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው! መለካት ያለበት ከብሎን መሃል እስከ ብሎን መሃል ነበር። በዚያ ልክ 22 የ128 እጀታ፣ አንዱን በ260 ብር አስገዝቶኛል። አልገጥም ሲለው ወስዶ እንደ መቀየር አንዱን ቀዳዳ ትቶ ሌላውን 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ በሳው። አሮጌው ቀዳዳ ከእጀታው ሥር አፉን ከፍቶ ቀረ። የበሳውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ በፊት በኩል ጣውላ እንኳ ሳይደግፍ። ፑንታው ብቅ ያለበት ቦታ ፎርማይካው እንደ ቆሎ ፈንድቶ ቺፑዱ ታየ። ጣቴን ሳሳልፍበት ዱቄቱ ይራገፋል። "በስቱኮ እንደፍነዋለን፣ አይታይም" አለኝ። ነጭ ስቱኮ፣ ቡናማ በር ላይ!

የሚገርመው ሒሳቡ ነው። 8,000 ጠየቀኝ። ምነው ስለው "ዶላር ጨምሯል እኮ እህቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።" ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ ዕቃ እንደተወደደ አውቃለሁ፤ ዕቃውን ግን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ድሪሉን የያዘው ክንዱ ደግሞ ከውጭ አልገባም። በሩን ስከፍትለት አፌን ሰምቶ ነው ዋጋ ያወጣልኝ። እማዬ ጎረቤት ይሰማል ብላ ስትጨነቅ 3,000ውን ሰጥቼ ሸኘሁት። ባልሰጠው ይሻል ነበር፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሱቁም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ሜሪላንድ ቢሆን ደረሰኝ ይዤ መልሼ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ እወጣ ነበር። (እዚያም ቢሆን ቀጥሮ የሚቀር ባለሙያ ሞልቷል፤ ልዩነቱ እዚያ "መንገድ ላይ ነኝ" የሚለኝ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው።)

እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ከብሎኩ ጀርባ ያለች ትንሽ የፈርኒቸር ቤት አስገባችኝ። ልጁ ከሃያ አምስት አይበልጥም። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ ዝም ብሎ አየ፣ ከዚያ "ከቀዳዳ ቀዳዳ ለክተሻል?" አለኝ። እዚያው ልቤ አረፈ። ሰኞ ጠዋት ባለው ሰዓት መጣ። ለ17ቱ ልኩን 96 ይዞ፣ ለተበላሹት አምስቱ ደግሞ ከሥሩ ሰፋ ያለ ዝርግ ብረት ያለው እጀታ መርጦ፤ ብረቱ አሮጌውን ቀዳዳም የፈነዳውንም ሸፈነው። የመሳቢያዎቹ ፊት ድርብ ስለሆነ የበሩ ብሎን እንደማይደርስ ቀድሞ አውቆ ረዘም ያለውን በኪሱ ይዞ ነበር። ድሪል እንኳ አላወጣም፣ በካቻቢቴ ብቻ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። የእጁ 2,500። ዲያስፖራ መሆኔን ያውቃል፣ አንድ ብር አልጨመረም። ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጥቶ፣ "እናቴ፣ የላላ ካለ ጥሩኝ" ብሏት ሄደ።

የማይገጥሙት 44 እጀታዎች ተርፈዋል። የአሜሪካዎቹን እንኳ መልሼ ልውሰዳቸው ብዬ ሻንጣ ስከፍት እማዬ ከለከለችኝ። "ይቀመጥ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል" ብላ ሁሉንም ባመጣሁላት ጫማ ካርቶን ከታ አልጋዋ ሥር ገፋችው።