«ሙሉ አጀስተብል ነው» ካሏችሁ፣ ምኑ በሉ

ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ይዛችሁ «ትንሽ ዝቅ ላድርጋት እንዴ?» የምትሉ የጎንደር ልጆች፣ እባካችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ 46 ሺህ ብር አውጥቼባታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔዋ የመጀመሪያው ዙር ቪትዝ ናት፣ አንድ ሺህ ሲሲ። የፊት አሞርዛተሮቿ (የሞላውን መዝለል የሚያረጋጉት) ዘይት ማንጠብጠብ ስለጀመሩ መቀየራቸው የግድ ነበር። «ካልቀረማ ደህና ነገር ልግጠምላት» አልኩ። አራት አሞርዛተር፣ ከአጭር ሞላ ጋር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሞላው ቀይ ነው። አሞርዛተሩ አናቱ ላይ የምትዞር ማስተካከያ አለችው። ካርቶኑ ላይ የጃፓን ስም።

«አጀስተብል፣ የሚስተካከል፣ ነው አይደል?»

«ሙሉ አጀስተብል ነው ወንድሜ። ለቪትዝ የተሠራ።»

ያቺ «ሙሉ» የምትል ቃል ናት የበላችኝ።

አጀስተብል የሚባለው አሞርዛተር ሁለት ዓይነት መሆኑን ያኔ አላውቅም። አንዱ ከፍታ የሚያስተካክል ነው። ገላው እንደ ብሎን ጥርስ አለው። ሞላው የተቀመጠበትን ቀለበት በመፍቻ እያዞራችሁ መኪናዋን ታወርዳላችሁ፣ ታነሳላችሁ። ሌላው ከፍታ አይነካም፤ የሚያስተካክለው ጥንካሬውን ነው። ውስጥ ያለው ዘይት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያጠብላችኋል ወይም ያሰፋላችኋል። ስመ ጥሩው የሆላንዱ ኮኒ እንኳ፣ ቢጫው አሞርዛተሩ ላይ የምታጠብቁት ሞላው ተጨምቆ ሲመለስ ያለውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ሁለቱንም የሚያደርግ አለ፣ ዋጋው ግን እኔ ከከፈልኩት ጋር አይገናኝም። እንግዲህ ሰውዬው «ሙሉ» ሲለኝ እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። እሱ ምን እንዳለ እሱ ያውቃል።

ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ደረሰኝ የለውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጋራዥ ወስጄ ካርቶኑ ሲከፈት መካኒኩ የኋላዎቹን አንስቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ የቪትዝ አይደለም።»

ቪትዝ ከኋላ ሞላው ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ አሞርዛተሩም ለብቻው። የተላከልኝ ግን ሞላ የሚታቀፍበት ሳህን ያለው አሞርዛተር ነው፣ እንደ ድሮዎቹ ኮሮላዎች የኋላ። በመዶሻ ቢመታም አይገባም። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «የፊቱን ግጠመው፣ የኋላውን እናስለውጣለን» አልኩት።

የፊቱ ሲገጠም ሌላ ነገር አየን። አዲስ ሞላ አሞርዛተር ላይ ሲገባ በመጭመቂያ ተጨምቆ፣ እየፈሩት ነው የሚገባው። ቢፈናጠር ጥርስ ያወልቃል። የኔው ያለ መጭመቂያ ዘው አለ። መካኒኩ «ቀለለን» አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። የሚገርመው ይኼ ነው፣ ደስ አለኝ!

ወጣሁ። መኪናዋ ከፊት አቀርቅራ፣ ከኋላ እንዳለች፣ የምትሰግድ ትመስላለች። ከአስፋልት ወርጄ ወደ ሰፈር ኮብልስቶን ስገባ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሞላው ስላጠረ አሞርዛተሩ የሚሄድበት ቦታ አልቆ መጨረሻ ላይ ያለችውን ማቆሚያ ላስቲክ እየመታ ነው። ቪትዝ በደህና ቀኗ ከመሬት 15 ሴንቲ ገደማ ነው ያላት። እኔ ከፊት ወደ አምስቱን ቀነስኩላት። ደባርቅ ደርሼ ልመለስ ብዬ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች መንገድ፣ ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ሁለት ጊዜ አስመታሁ። አላይመንትም (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) አላሠራሁም ነበር። መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የሁለቱ ጎማ አቅጣጫም ይዛባል። ወር ሳይሞላ የፊት ጎማዎቼ በውስጥ በኩል ተላጩ።

ጉዱ የወጣው ጎሚስታ ጋር ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰብኝ። ልጁ በክሪክ አነሳት፣ ጎማውን አወጣ፣ ከዚያ እጁን ሰዶ ሞላውን ያዘው። እንደ እጅ አምባር አዞረው። ሞላ እኮ በእጅ አይዞርም! ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል እንኳ ተጨምቆ መቀመጥ አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ጎማው ወርዶ ሞላው ከሳህኑ ቢወጣ፣ ሲመለስ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል።

ልጁ የሞላውን ጫፍ በጥፍሩ ፋቀው። ቀዩ ቀለም እንደ ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ የፋብሪካው ጥቁር ቀለም ብቅ አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የግራይንደር ጭረት፣ ገና ጠርዙ የሚቆርጥ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ሞላ ነው። ቆርጠው ቀለም ቀብተውት ነው እንጂ።»

ሞላ ሲቆረጥ ማጠሩ ብቻ አይደለም፣ ጥምዝምዙ ስለሚቀንስም ይደርቃል። ጫፉ በሳህኑ ላይ ተደላድሎ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነበር፣ እሱም ቀረ። በእሳት የቆረጡት ከሆነማ ብረቱ ራሱ ጉልበቱን ያጣል።

አሞርዛተሩንስ ማን ይንገረው። ማስተካከያዋን ሞከርኳት። የግራዋ ጠቅ ጠቅ እያለች ስምንት ጊዜ ሄዳ ትቆማለች። የቀኟ እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ማዞሪያ ዝም ብላ ትዞራለች፣ መጨረሻ የላትም። አስወልቄ ጠረጴዛ ላይ ዘንጉን እየሳብኩ አወዳደርኩ። ግራው ጠበቅ ሲደረግ ቀስ እያለ ይወጣል። ቀኙ ላላም ጠበቀም ያው ነው። በአንድ ጎን እንዲህ በሌላ ጎን እንዲያ ሆኖ ፍሬን መያዝ ምን እንደሚመስል እናንተ ገምቱት።

ስለዚህ የምትገዙ ከሆነ፣ የሻንሲ ኮዱን ከኮፈኑ ሥር ካለችው ሳህን ላይ ፎቶ አንሱና ለሻጩ ላኩ። የኔዋ ኤስሲፒ10 ናት፣ 1300ዋ ኤንሲፒ10። ቀጥሎ «አጀስተብሉ ከፍታው ነው ጥንካሬው?» በሉ። መልሱ «ሁሉም» ከሆነ በቪዲዮ እያዞረ ያሳያችሁ፣ አራቱንም። የሞላውን ሁለት ጫፍ በቅርብ ፎቶ አስነሱ። ለዝቅታ ተብሎ የተሠራ ሞላ ብዙ ጊዜ ገላው ላይ የፋብሪካ ቁጥር ታትሞበታል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ የምታምኑት መካኒክ ካለ ሄዶ በእጁ ነካክቶ ይግዛላችሁ፣ ከፎቶ ይሻላል። ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔ ግን «ከእናንተ ነው የገዛሁት» የምልበት ቁራጭ ወረቀት አልነበረኝም። ሰውዬው ሁለት ቀን «እናያለን» አለኝ፣ በሦስተኛው ብሎክ አደረገኝ።

ዝቅ ማድረግ ራሱን ካነሳን፣ እዚህ ከተማ እኔ ከሁለት ሴንቲ ተኩል በላይ አልነካም። አሮጌ አሞርዛተር ላይ አጭር ሞላ መግጠምም ያው ብር መጣል ነው፤ በጠበበ ቦታ ሲመታ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ቶሎ ይለቃል፣ ዘይቱም ይፈስሳል።

እኔ አሁን የፊቱን ኦሪጅናል ሞላ መልሼ ተራ አሞርዛተር ገጥሜበታለሁ። የኋላዎቹ ሁለት አሞርዛተሮች ከነካርቶናቸው አልጋ ሥር ናቸው። የድሮ ኮሮላ ያለው ሰው መጥቶ በእጁ ፈትሾ ከሆነለት በርካሽ ይውሰድ። ማስተካከያቸው ይሥራ አይሥራ ግን እኔ አልሞከርኩትም።