በለጤ የዘር ድንች፦ ዝርያው ጥሩ፣ ጆንያው ግን ይፈተሽ

በለጤ ከዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ከመጣ መነሻ ዘር በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመርጦ በ2009 እ.ኤ.አ. የተለቀቀ የድንች ዝርያ ነው። በወልመራ ደጋ በክረምቱ ዝናብ ለገበያ የሚያመርት ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ሳይሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅጠሉን በጥቂት ቀናት አጥቁሮ የሚጨርሰውን፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉትን በሽታ ይችለው እንደሆነ ነው። በዚህ በኩል በለጤ ያስመሰግናል፤ በአጠገባችን የነበረው የአካባቢ ዝርያ ሲቃጠል የእኛው ልምላሜውን ይዞ ቆይቷል። ያም ሆኖ ከርጭት አያድንም፤ ማንኮዜብ የተባለውን የፈንገስ መከላከያ መድኃኒት ረጭተናል፣ ድግግሞሹ ግን ቀንሷል።

ቅሬታዬ በአቅርቦቱ ላይ ነው። ዘሩን የገዛነው ከአንድ የዘር አምራች ማኅበር ሲሆን፣ አንዳንዱ ጆንያ ሲፈታ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከየዓይኑ አጭርና ወፍራም ጉንቁል ያወጣ፣ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቆጥ ላይ የከረመ ዘር ወጣ። ሌላው ጨለማ ቤት ተከምሮ መቆየቱን ረጃጅምና ነጫጭ ጉንቁሎቹ ይናገሩ ነበር፤ ገና ከጆንያው ሲገለበጥ አብዛኛው ጉንቁል ተሰባብሮ ቀረ። ዋጋቸው ግን አንድ ነው! በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተጠብቆ ሲተከል ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ያህል ዘር ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም። የመጀመሪያው እኩል በቅሎ ለኩትኳቶና አፈር ለማስታቀፍ ሲመች፣ ሁለተኛው ግን መስመሩ እየዘለለ፣ የበቀለውም አንዱ ከሌላው እየዘገየ አስቸግሮናል።

ከቁፋሮው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግንዱ ስለታጨደ ልጣጩ ጠንክሮ፣ ጭነቱ ሳይላላጥ አዲስ አበባ ገብቷል። ነጋዴው የዝርያውን ስም አይጠይቅም፤ የሚያየው መጠኑንና ንጽሕናውን ነው፣ የበለጤም ትልልቅ ፍሬ በዚህ አላሳፈረንም። ጥቅምት ላይ ሁሉም ሲቆፍር ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ የሚቆርጠው ዋጋ ግን ለዝርያ ጥራት የሚተወው ትርፍ አነስተኛ ነው።

በለጤን እንደገና እገዛለሁ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ጆንያ ሂሳብ ሳይከፈል ተፈትቶ ካልታየ፣ ጉንቁሉ የነጣውም በቅናሽ ካልቀረበ አልረከብም።