ትንሿ ቲንክፓድ ኤክስ250 ከ10 ወር በኋላ፦ ከሁለት ሰዓት ባትሪ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል

መስከረም 2018 ላይ ያገለገለች ላፕቶፕ ገዛሁ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ250 ናት። ሞዴሉ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ እኔ ጋ ስትደርስ ዐሥር ዓመት ሆኗታል። ስክሪኗ 12.5 ኢንች ነው። ክብደቷ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከፈተና ወረቀት ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። የፈለግኳትም ለዚሁ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ፈተና አወጣለሁ፣ ማርክ እሞላለሁ፣ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ አዘጋጃለሁ፣ ማታ ደግሞ ቪዲዮ አያለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ልመልሳት ምንም አልቀረኝም። ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ለብሼ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ገና ይዞራል። ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላም አንድ ፋይል ስነካ ስታክ ታደርጋለች። አንድ ቀን በስልኬ ሰዓት ያዝኩባት። ከቁልፉ እስከ ዎርድ መከፈት 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀች። ባትሪዋ ደግሞ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው። መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰፈር ሁለት ሰዓት ምንም አይደለም።

ያሳየሁት ጠጋኝ ወጣት ልጅ ነው። ነካ ነካ አድርጓት «ጋሼ፣ ይቺ የጎደላት ራም ነው። አራት ጊጋ ናት፣ ስምንት ያድርጉላት» አለኝ። ራም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ክፉ ምክር አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልተስማማሁም። ቤት ገብቼ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። ፕሮሰሰሩ 10 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ራሙም ገና አልሞላም። ዲስኩ ግን 100 ላይ ተሰቅሎ አልወርድ ብሏል። ፕሮሰሰሩ ደክሞ ሳይሆን ዲስኩን እየጠበቀ ነው የተቀመጠው።

ውስጧ የነበረው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ነው። በሰከንድ ሲመታ 90 ዙር ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንበብ መርፌው መጀመሪያ ወደ ቦታው መሄድ አለበት። ከዚያ የሚፈለገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ በሰከንድ መቶ የተበታተኑ ፋይሎችን እንኳ ማንበብ ይከብደዋል። ኮምፒውተር ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ነገር ነው። በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ ግን የሚዞር ነገር ስለሌለው ይህን ሁሉ ጥበቃ አያውቀውም። አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ የሚማረር ሁሉ ሌላ ነገር ከመግዛቱ በፊት ይህን እንዲያይ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ደህና ማሽን በዲስኩ ምክንያት ይጥላል።

ባለ240 ጊጋ የሳታ ኤስኤስዲ ገዛሁ፤ ሳታ የሚባለው ሃርድ ዲስኩ የሚሰካበት ዓይነት ማያያዣ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብሩን መጠን አልጽፍም። ላፕቶፗን ከገዛሁበት ገንዘብ አንድ ስድስተኛ ያህል ነው ያወጣሁበት። ለዚህ ሞዴል ሲገዛ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

አከፋፈቷ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይቺ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ ነው ያላት፤ አንዱ ከኋላ የሚነቀል፣ ሌላው ውስጥ የተቀበረ። የኋላውን ነቅላችሁ «ኤሌክትሪክ የለም» ብላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ። ስትነሳ ኤፍ1ን ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኗ ማስተካከያ ገጽ ነው። የኃይል ክፍሉ ውስጥ የውስጡን ባትሪ የሚያጠፋ ምርጫ አለ። እሱን ስትመርጡ ላፕቶፗ ራሷ ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ መክፈት ነው። ቻርጀር መልሳችሁ ስትሰኩ ባትሪው ይነሳል። የታችኛው ሽፋን ብሎኖች ሲላሉ እዚያው ሽፋኑ ላይ ስለሚቀሩ የሚጠፋ ብሎን የለም። ጠርዙን ለማላቀቅ ያለቀበት የባንክ ካርድ ተጠቀምኩ። ካቻቢቴ ቢሆን ፕላስቲኩን ይቧጭረው ነበር።

ኤስኤስዲው ገብቶ ዊንዶውስ 10 እንደ አዲስ ሲጫንበት፣ ያ 4 ደቂቃ ወደ 31 ሰከንድ ወረደ። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው 4 ጊጋ ራም ነው። ባለቤቴ «ሌላ ገዛህ እንዴ?» አለችኝ።

ራሙን በኋላ ወደ 8 ጊጋ አሳደግኩት። የራም ማስገቢያዋ አንድ ብቻ ስለሆነ አሮጌው ይወጣል እንጂ አይደመርም። ዲዲአር3ኤል የሚባለው በ1.35 ቮልት የሚሠራው ነው የሚሆናት፤ ስትገዙ ጽሑፉን እዩ። ራሙ ማስነሻዋን አላፈጠነውም። ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ስከፍት ግን ልዩነቱ በደንብ ታየኝ።

ሽፋኑ በተከፈተበት ቀን ፋኗንም አየሁ። በፋኑና በሙቀት ማስወጫው ቀጫጭን ብረቶች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በወረንጦ ስስበው እንዳለ ተላጦ ወጣ፤ ግራጫ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ። የቀረውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ስትነፉበት ፋኑ እንዳይሽከረከር በጥርስ እንጨት ያዙት። በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ቅባትም ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ነበር። በአልኮል አጽድቼ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አደረግኩበት። ቪዲዮ ሳይ 88 ዲግሪ ይደርስ የነበረው ሙቀት ወደ 67 ወረደ። ይህ ከፍጥነት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኔው ኮር አይ5-5300ዩ እስከ 2.9 ጊጋኸርዝ መውጣት ይችላል፤ ግን ሙቀቱ ከፈቀደለት ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የዚህችን ዘመን ፕሮሰሰር አይቀበልም። በሥራዬ የተማሪዎች ማርክ ስላለ ጥገና በሌለው ሲስተም መቆየት አልፈለግኩም። በዊንዶውስ ፈንታ ነጻ የሆነውን ሲስተም ሊነክስ ሚንት 22ን፣ ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ዓይነት ጫንኩ። ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል። አማርኛ መጻፍ አሳስቦኝ ነበር። አይባስ የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ የኤም17ኤን ጥቅል ሲጨመር፣ በላቲን ቁልፎች ድምፁን ስጽፍ ወደ ፊደል ይለውጥልኛል። ሁለት ቀን ተቸገርኩ፣ አሁን እጄ ለምዶታል። የቸገረኝ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ በዩኒኮድ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ ያልተጻፉ የድሮ ፈተናዎች አሉ። ፎንታቸው ከሌለ የላቲን ምልክት ክምር ሆነው ነው የሚታዩት። ፎንቶቹን ከቢሮው ኮምፒውተር በፍላሽ አምጥቼ ስጭናቸው ተነበቡ። ኤክሴል ላይ የተሠራው የማርክ መሙያ ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም ይከፈታል። የአምዶቹ ስፋት አንዳንዴ ይዛባል፣ ስሌቱ ግን ልክ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ እሱ ነው።

ቤታችን ያለው ቆጣሪ በኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል አይደል? ላፕቶፕ ባትሪም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። ባትሪው የያዘውን ዋት ሰዓት፣ ላፕቶፑ በሚበላው ዋት ስታካፍሉት የሚቆይበት ሰዓት ይወጣል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ የሚይዘውን ማሳደግ፣ ወይ የሚበላውን መቀነስ። እኔ በሁለቱም ሄድኩ።

ስገዛት የውስጡ ባትሪ፣ አዲስ ሳለ 23 ዋት ሰዓት የነበረው፣ 15 ብቻ ይይዝ ነበር። ከኋላ የሚነቀለው ትንሹም አዲስ ሳለ 23 ነበር፤ 9 ቀርቶታል። ድምሩ 24 ነው። ፍጆታዋ ደግሞ 11.5 ዋት ነበር። 24ን ለ11.5 አካፍሉት፤ ያቺው ሁለት ሰዓት ናት። ይህን ቁጥር ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ዊንዶውስ በኮማንድ ፕሮምፕት የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሊነክስ ላይ ፓወርቶፕ የሚባል ፕሮግራም የምትበላውን ዋት ያሳያል።

ፓወርቶፕን ከፍቼ አንድ ማታ ሙሉ አንድ አንድ ነገር እያጠፋሁ ቁጥሩን አየሁ። ትልቁ በላተኛ ስክሪኑ ነው። ብርሃኑን ከሙሉ ወደ ግማሽ ግድም ሳወርደው 2 ዋት ያህል ቀነሰ። ቤት ውስጥ ዓይንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ያርፋል። ሃርድ ዲስኩ ቀድሞ ሲወጣም 1 ዋት ያህል ተርፎ ነበር። ቲኤልፒ የሚባለውን ፕሮግራም ስጭን ያልተጠቀምኩባቸውን ክፍሎች እያስተኛ ትንሽ ጨመረልኝ። ብሉቱዝን አጠፋሁ። የቀረው የብሮውዘር ነው። ብሮውዘሬ ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ የሚከለክል ተጨማሪ ፕሮግራም ስጭን የገጾቹ መንቀጥቀጥ ቆመ፤ ዋቱም ወረደ። ለጽሑፍ ሥራ አሁን 7 ዋት አካባቢ ነኝ።

ቪዲዮ ላይ የተለየ ነገር አለ። ዩቲዩብ አብዛኛውን ቪዲዮ የሚልከው በአዳዲስ አጨማመቅ ነው። የዚህች ዘመን ግራፊክስ ግን በደንብ የሚፈታው ኤች264 የሚባለውን የቆየውን ነው። አዲሱ ሲመጣ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ ፋኑም ይጮኻል። ፋየርፎክስ ላይ ዩቲዩብ ኤች264ን እንዲልክ የሚያስገድድ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም አለ። እሱን ስጭን ቪዲዮ ሳይ የነበረው 14 ዋት ወደ 9 ወረደ።

የሚይዘውን በማሳደግ በኩል መጀመሪያ ተሸወድኩ። ባለ6 ሴል፣ 48 ዋት ሰዓት የተባለ ባትሪ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ገዛሁ። ሪፖርቱ ላይም 48 ይላል። ሦስት ሳምንት በደንብ ሠራ። ከዚያ 30 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ድንገት ወደ ውስጡ ባትሪ መዝለል ጀመረ። በአራተኛው ወር ጭራሽ ሞተ። ፎርጅድ ነበር። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባትሪው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ የሴሎቹን እውነት የምታዩት ከሙሉ እስከ ባዶ ተጠቅማችሁ ዋት ሰዓቱን ስትቆጥሩ ብቻ ነው። በዚህ ነገር አዝኛለሁ። ያ ገንዘብ ለመምህር ቀላል አይደለም። ሁለተኛውን ያገለገለ ግን እውነተኛ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ሰክቼ፣ ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀና የቀረውን አቅም አይቼ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ሠርቼበት ነው የከፈልኩት። 41 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከውስጡ 15 ጋር 56 ሆነ። በ7 ዋት ሲካፈል 8 ሰዓት ይመጣል። በተግባር ሰባት ሰዓት ተኩል ነው የማገኘው።

ይህን አቅም ለመጠበቅ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ። የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጀው ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቆየቱ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ነው የማውላት። ይህን ገደብ በቲኤልፒ ማስቀመጥ ይቻላል። መብራት እንደሚጠፋ ሲነገር ብቻ ለዚያ ቀን 100 እንዲሞላ አዝዛለሁ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማታ የሁለት ክፍል ማርክ እየሞላሁ መብራት ሄደ።  ከሦስት ሰዓት በላይ ሠርቼ ተማሪ ቁጥር 31 ላይ ስደርስ የኋላው ባትሪ አለቀ፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ቻርጀር ስጠቀምባት ስለዋልኩ ነው። መቀርቀሪያዎቹን ገፋሁ፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ከመሳቢያ ያቺን አሮጌ ትንሿን አውጥቼ ሰካሁ። ላፕቶፗ አልጠፋችም፤ ስክሪኑ እንኳ ብልጭ አላለም። የውስጡ ባትሪ ይዟታል። ልጄ በሻማው ብርሃን እያየችኝ ነበር። «አባዬ፣ ጠፋብህ?» አለችኝ። «አልጠፋም» አልኳት። 31ን ጨርሼ 32 ገባሁ።

ያልተስተካከለላትም አለ። የእኔ ስክሪን 1366 በ768 የሆነው ተራው ዓይነት ነው። ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይገለበጣል፤ ሁለት ሰው አብሮ ለማየት አይመችም። በቪዲዮ ስብሰባ ባትሪዋ ከአራት ሰዓት አያልፍም፣ ፋኗም ይሰማል። ፕሮሰሰሯ ሁለት ኮር ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ከባድ ጌም ለሚጫወት ሰው አትሆንም፤ ኤስኤስዲም አይለውጠውም። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ለሚያስተምር፣ ለተማሪ ግን ከልቤ እመክራታለሁ። ኪቦርዷ ብቻውን ያስወድዳታል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ኤስኤስዲውን ይግዛ። አቧራ መጥረጉና የስክሪን ብርሃን መቀነሱ ደግሞ ብር አይጠይቁም፤ ዛሬ ማታ ሊደረጉ ይችላሉ።

የውስጡ ባትሪ ባለፈው ሳምንት ስለካው 13.8 ላይ ደርሷል። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እቀይረዋለሁ። ካቻቢቴዬን ይዤ ሱቅ ሄጄ፣ እዚያው ከፍቼ ሰክቼ፣ ቁጥሩንና አወራረዱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ብር የማወጣው።